አላምታቱም!

«ሽማግሌ ስለሆኑ መድኃኒቱን አምታተው ነው።» ይህችን አነጋገር ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ፍልሰታ አባቴ ቢቸና ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቀባዥራሉ። ጎረቤቱ ሁሉ «ዓይነ ጥላ ነው፣ ፀበል አምጡ» አለ። ደግነቱ አንዲት ነርስ ጎረቤት ደርሳ ስኳራቸውን ለካች፤ 41! መዋጥ ይችሉ ስለነበር ስኳር በጥብጣ አጠጣቻቸው። የታከሙበት ቦታ ደውለን ብንነግራቸው መልሱ ያው «አምታተው ነው» ሆነ።

ከሞጣ እንደደረስኩ ፌስታላቸውን ዘረገፍኩት። ሰባት ዓይነት! ሜትፎርሚን፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ኢናላፕሪል፣ የሚያሸናው የግፊት ክኒን፣ ኦሜፕራዞል፣ ለጉልበት ዳይክሎፌናክ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛ ሲፕሮ። ምኑን አምታቱት? ላስቲኩ ላይ «ጠዋት 1» ይላል፤ ጎህ ሲቀድ ዋጡ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፆሙ። የታዘዙትን ነው ያደረጉት!

ግሊቤንክላማይድ በልተሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጣ» እያለ ይገፋል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ደግሞ ውሎ ያድራል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው እንደማይስማማ ጽፏል። ሲፕሮ ሲታከልበት ስኳሩ ይብስ ይወርዳል። ዳይክሎፌናክ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸናው ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። (የጂኦግራፊ መምህር ይህን ከየት አመጣው አትበሉ፤ ፋርማሲስት የሆነ ተማሪዬ ነው ያስተማረኝ።)

የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ የለም። በየቀጠሮው «ያው ይቀጥል» ተብሎ ይጻፋል። ወረፋው ብዙ፣ ባለሙያው ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። ግን «አባባ፣ ይፆማሉ? ሌላ የሚውጡት አለ?» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ያለ ማዘዣ ሲፕሮ የሚሸጠውስ ምን ወረፋ አለበት?

እኛ ልጆችም ብንሆን በቴሌብር ብር ልከን የጦርን ይመስለናል። ዳይክሎፌናኩን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ። ጉልበቴን አሉኝ፣ ገዛሁ፣ በቃ።

ደግሞ ይህን አንብባችሁ የእናታችሁን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታስቆሙ! ፌስታሉን እንዳለ ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ግቡ። እኛ እንደዚያ አደረግን። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ አየ። ሰባቱ አራት ሆነው ወጣን።

ነጭ ጋዋን የለበሳችሁ ተማሪዎቼ፣ ከተቀየማችሁኝ ኮመንት ላይ አለሁ።