ወንድሟን ለማትረፍ ወደ ትናንት

ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ኢስት ፍላትቡሽ የሚባል ሰፈር አለ። ከካሪቢያን አገሮች የመጡ ስደተኞችና ልጆቻቸው በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ የቀረበው «ሲ ዩ የስተርደይ» የተሰኘ ፊልም ታሪክ እዚያ ይጀምራል። ባለታሪኳ ሲጄ ዎከር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ለሳይንስ ያላት ፍቅር ልክ የለውም። ከጓደኛዋ ከሴባስቲያን ጋር ሆና በጀርባ ቦርሳ የሚታዘል የጊዜ መጓጓዣ ትሠራለች። ሐሳባቸው በፈጠራቸው ተወዳድረው ጥሩ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበር። ታላቅ ወንድሟን ካልቪንን ፖሊስ ከዘራፊዎች አንዱ መስሎት ተኩሶ ሲገድለው ግን የቦርሳው ዓላማ በአንድ ቀን ይለወጣል።

ልጅቷ ወደ ትናንት ትመለሳለች። ትሮጣለች፣ ትደርሳለች፣ ነገር ግን አንዱን ስታተርፍ ሌላው ያመልጣታል። ካልቪንን ለማዳን ስትሞክር ሴባስቲያን ይሞታል፤ የሴባስቲያንን ሞት ለመሻር ስትመለስ ካልቪን ዳግም ይወድቃል። ፊልሙ ሲያልቅ ሲጄ ገና እየሮጠች ነው። ካልቪን ዳነ ወይስ አልዳነም የሚለውን ማንም አይነግረንም። ሳያልቅ የተቆረጠ ፊልም ነው ብለው የተከፉ ተመልካቾች አሉ። ይህ ጸሐፊ ግን ከፊልሙ ሁሉ እውነተኛው ክፍል ያ ሩጫ ነው ብሎ ያምናል።

ለምን ቢሉ፣ ይኸው ፊልም ራሱ ከሌላ ፊልም ጋር እንድናስተያየው ይጋብዘናል። የሲጄ የሳይንስ መምህር ሆኖ የሚተውነው ማይክል ጄ. ፎክስ ነው። ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ፊልም ከ1985 ወደ 1955 የሄደው ወጣት፣ ማርቲ ማክፍላይ ነበር። ማርቲም የቤተሰብ በደል አለበት፤ አባቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ቢፍ በሚባል ጉልበተኛ ሲዋረድ የኖረ ሰው ነው። ልጁ ተመልሶ ሄዶ የወጣቱን አባቱን ልብ ያደፋፍራል፣ አባት አንድ ቡጢ ይሰነዝራል፣ ሁሉም ነገር ይቃናል። ማርቲ ወደ ዘመኑ ሲመለስ አባቱ ደራሲ ሆኗል፣ ቢፍ የቤተሰቡን መኪና ይወለውላል፣ ለማርቲም አዲስ መኪና ቆሞ ይጠብቀዋል።

ደስ የሚል ፊልም ነው። ነገር ግን የማርቲ አባት በዳይ አንድ ሰው ነበር፤ አንድን ሰው ደግሞ አንድ ቡጢ ይበቃዋል። የካልቪን ገዳይ አንድ ፖሊስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲጄም በመጀመሪያው ጉዞዋ ወንድሟን ይዛ በተመለሰች ነበር። እሷ የተጋፈጠችው በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ጥግ፣ ጥቁር ወጣትን እንደ ወንጀለኛ የሚያይ ዓይን ነው። ኤሪክ ጋርነር በዚያው በኒው ዮርክ፣ በስታተን አይላንድ፣ ሲጋራ በፍሬ ሸጠሃል በሚል ጥርጣሬ ተይዞ አንገቱን ታንቆ የሞተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 2014 ነው። አንገቱን ያነቀው ፖሊስ ክስ አልተመሠረተበትም፤ ከሥራው የተባረረው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ፊልሙ በወጣበት ዓመት ነው። ዳይሬክተሩ ስቴፎን ብሪስቶልና ፊልሙን ፕሮዲውስ ያደረገው ስፓይክ ሊ ይህን ዜና እየሰሙ የኖሩ የዚያች ከተማ ሰዎች ናቸው። የሲጄን ችግር በአንድ ዘዴ ፈትተው ቢያሰናብቱን ኖሮ ውሸት ይሆንባቸው ነበር።

በፊልሙ መጀመሪያ ላይ መምህሩ ክፍል ውስጥ አንድ መጽሐፍ ይዞ ይታያል፤ የኦክታቪያ በትለር «ኪንድረድ»። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው ይህ ልብ ወለድ ዳና የምትባል የ26 ዓመት ጥቁር ሴትን በ1976 ከሎስ አንጀለስ ቤቷ ነጥቆ ባርነት ወዳለበት ሜሪላንድ ይወስዳታል። እዚያ የምታገኘው ሩፈስ የተባለ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ሲሆን የገዛ ዘር ሐረጓ የሚመዘዝበት ሰው ነው። ሞት በቀረበው ቁጥር ትጠራለች፣ እየሄደችም ታድነዋለች፤ እሱ ከሞተ የእሷ ዘር አይኖርምና። በደልን ልታርም ይቅርና በዳዩን በሕይወት ለማቆየት ትገደዳለች። ከመጨረሻው ጉዞ የምትመለሰውም ግራ እጇን አጥታ ነው።

በትለር የመጽሐፉን መነሻ በቃለ ምልልሶቿ ተናግራለች። የኮሌጅ ተማሪ ሳለች አንድ ጥቁር ወጣት፣ ያለፈው ትውልድ ጎንበስ ብሎ በመኖሩ እኛን ወደ ኋላ አስቀረን እያለ በምሬት ሲወቅስ ሰማች። የእሷ እናት የቤት ሠራተኛ ነበረች። በትለር በልጅነቷ እናቷን ተከትላ ስትሄድ፣ እናቷ በጓሮ በር ስትገባና የሚያዋርድ ንግግር ስትሰማ ዝም ስትል አይታለች፤ ያኔ በእናቷ ታፍር ነበር። ካደገች በኋላ ግን ያ ዝምታ ጠረጴዛው ላይ እንጀራ ያቀረበ መሆኑን ተረዳች። ዳናን ወደ ሜሪላንድ የላከችው ለዚያ ወጣት መልስ እንድታመጣ ነው፤ እስቲ አንተ እዚያ ሂድና አንድ ሳምንት ኑርበት እንደማለት።

የእኛው ኃይሌ ገሪማም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ጎንደር ተወልዶ አሜሪካ ፊልም የተማረው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው «ሳንኮፋ» ሞና የምትባል ሞዴል ጋና፣ ኬፕ ኮስት ባለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ስትነሳ ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ ራሷን በሰንሰለት በታሰሩ ሰዎች መካከል ታገኛለች። ከዚያም ሾላ ተብላ በእርሻ ላይ ባሪያ ሆና ትኖራለች። ፊልሙን የሚያከፋፍል የአሜሪካ ኩባንያ በመጥፋቱ ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከተማ ለከተማ ሲያሳየው ሕዝቡ ተሰልፎ አየው። ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው የመጻሕፍት መደብሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ፊልም ነው። ሞና የማንንም ዕጣ ለመቀየር አልተላከችም፤ የተላከችው እንድታይ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ ታዲያ ማየት ብቻውን ለተበደለ ቤተሰብ ምን ይጠቅመዋል ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን የሚሰጥ እውነተኛ ታሪክ አለ፤ ይኸኛው ማሽን የለውም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1944፣ በደቡብ ካሮላይና አልኮሉ በምትባል የእንጨት መሰንጠቂያ ከተማ፣ የ14 ዓመቱ ጆርጅ ስቲኒ ከታናሽ እህቱ ከኤሚ ጋር የቤታቸውን ላም እየጠበቀ ነበር። ሁለት ነጭ ልጃገረዶች፣ አንዷ የ11 ሌላዋ የ7 ዓመት ልጅ፣ ብስክሌት ይዘው መጡና አበባ የት እንደሚገኝ ጠይቀው አለፉ። በማግስቱ ሬሳቸው ቦይ ውስጥ ተገኘ። ጆርጅ ተያዘ፤ ወላጅም ጠበቃም አጠገቡ ሳይኖር ተመረመረ፤ አመነ ተባለ፣ የፈረመው ቃል ግን የለም። አባቱ ከመሰንጠቂያው ሥራ ተባረረ፤ ቤቱ የድርጅቱ ስለነበር ቤተሰቡም ከተማዋን ለቆ ሸሸ። ችሎቱ በአንድ ቀን አለቀ። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኞች ሸንጎ ለመፍረድ 10 ደቂቃ ያህል በቃው። ይግባኝ የጠየቀለት አልነበረም። ሰኔ 16 ቀን በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ፤ ወንበሩ ለሰውነቱ በጣም ሰፊ ነበር።

ኤሚ ያን ቀን ይዛ አደገች፣ አገባች፣ አረጀች። በዚያው ከተማ ያደገ ጆርጅ ፍሪርሰን የሚባል የአካባቢ ታሪክ ተመራማሪ ጉዳዩን ማገላበጥ ጀመረ፤ ጠበቆችም ተከተሉት። በጥር 2014 ኤሚ ከችሎት ቀርባ፣ ልጆቹ ጠፉ በተባለበት ቀን ወንድሟ ከእሷ ጋር እንደነበር መሰከረች። ታኅሣሥ 17 ቀን ዳኛ ካርመን መለን የ1944ቱን ፍርድ ሻረች፤ ከተፈጸመ 70 ዓመት በኋላ።

ዳኛዋ ጆርጅ ንጹሕ ነው አላለችም፤ ያለችው ሕግ የሚጠይቀው ፍትሐዊ ዳኝነት አልተሰጠውም ነው። ከሟቾቹ ልጃገረዶች ዘመዶች መካከል ዛሬም ገዳዩ እሱ ነው የሚሉ አሉ፤ የእነሱም ሐዘን ሐዘን ነው። ልጆቹን በእርግጥ ማን እንደገደላቸው የወሰነ ሌላ ችሎት የለም። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን መዝገቡ ላይ ገዳይ ተብሎ የሰፈረው የአንድ ሕፃን ስም ተነስቷል። እንዲነሳ የመሰከረችው ደግሞ በዚያ ቀን ከላሟ አጠገብ የነበረችው ትንሽ ልጅ ናት።

ስለ ጊዜ ጉዞ ለወጣቶች ፊልም የሚሠሩ፣ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ይህችን ኤሚን ቢያስቡ መልካም ነው። እስካሁን የቀረቡልን ጀግኖች አብዛኞቹ ወደ ኋላ የሚሮጡ ናቸው። እሷ የሄደችው ወደ ፊት ነው፤ ያየችውን ሳትጥል፣ የሚሰማ ችሎት እስኪገኝ ድረስ 70 ዓመት ተሸክማ። ወደ ማርቲ የሚያደላ ደራሲ ይህን ጀብዱ አይደለም ሊል ይችላል። የ14 ዓመት ወንድሟ በተወሰደ ቀን ቤት የነበረች ልጅ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምን ጉዞ ነበራት?