አለት ስለምትወጣው ትንሽ መኪናና ስለ ሞተሯ



ለልጅ መጫወቻ መግዛት ቀላል ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን ሳይመረምሩ የገዙት መጫወቻ በአባትና በልጅ መካከል ያልተገባ ቅሬታ እንዲያመጣ በራሳችን ቤት ስላየን፣ ዛሬ ይህንኑ ልንገልጽላችሁ አሰብን።

በዚህ ዘመን በራዲዮ ከሩቅ የምትታዘዝ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዳኸች የምትወጣ ትንሽ መኪና አለች። ርዝመቷ አንድ ክንድ ያህል ነው፤ አራቱም መንኰራኵሮቿ በሞተር ይዞራሉ። በአምባ ጊዮርጊስ ላደገ ልጅ፣ ከደጁ ወጥቶ ድንጋይና ዳገት አያጣምና፣ ከዚህ የሚስማማ መጫወቻ አይገኝም። እኛም አንዲቱን ለልጃችን በገዛን ጊዜ፣ ሻጩ «ሞተሯን በፈጣኑ ቢያስለውጡት ይሻላል» ስላለን፣ ፈጣኑ ሁሉ ይበልጣል ብለን ዋጋ ጨምረን አስለወጥን።

ልጁ በሜዳ ሲነዳት እንደ ቀስት ትወነጨፍ ነበር። ወደ አለቱ በወሰዳት ጊዜ ግን ጥቂት እንደ ወጣች የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ መኪናዪቱም ቆመች። ሥራችን በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ነው። ተከሳሽ ቃሉ ሳይሰማ እንዳይፈረድበት ዕለት ዕለት እየጻፍን፣ በቤታችን ግን ልጁን ሳንሰማ ፈረድንበት። «አባባ፣ እኔ አላበላሸኋትም፤ ድንጋዩ ሲይዛት ትጮኻለች እንጂ አትሄድም» ቢለን ቃሉን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ኋላ ሞተሩን ፈትተን፣ የሚያውቁትንም ጠይቀን ብናጣራ፣ የልጁ ቃል እውነተኛ ምስክርነት ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የመራጩ እንጂ የነጂው አልነበረም።

ለመሆኑ የኤሌክትሪክ ሞተር ምንድር ነው? በአውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. ሚካኤል ፋራዴይ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት አጠገብ ሲሆን እንዲዞር አድርጎ አሳየ። ይህ ሰው የቀጥቃጭ ልጅ ነበረ፤ በወጣትነቱም መጻሕፍት መጠረዝን ይማር ነበር። የዛሬውም ሞተር በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ማግኔትና የሚዞር ዘንግ ነው።

ጠባዩን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው የጥቅሉ ቍጥር ነው። ሽቦው ጥቂት ጊዜ የተጠቀለለ ሞተር ፈጥኖ ይዞራል። ብዙ ጊዜ የተጠቀለለው ዝግ ብሎ ይዞራል፤ ነገር ግን ለሚወስደው ለያንዳንዱ አምፔር የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። ለአለት ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ከ35 እስከ 55 ጥቅል ያለው ነው። እኛ ዋጋ ጨምረን የገዛነው ግን ባለ 13 ጥቅል፣ ለእሽቅድምድም የተሠራ ነበር።

ሞተር በሚዞርበት ጊዜ ራሱ እንደ ዲናሞ ሆኖ ከባትሪው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚቃወም ኃይል ይወልዳል፤ በዚህም የሚወስደው ይመጠናል። ድንጋይ ይዞት መዞሩን ሲያቆም ግን ይህ ተቃዋሚ ይጠፋል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ እንደ ክረምት ጎርፍ ይገባል፤ ወደ ሥራም ስለማይለወጥ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ሽቦውን የሚያቃጥለው ይህ ነው። የደጋውም አየር ሊታሰብ ይገባል፤ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ሞተርን የማቀዝቀዝ ችሎታው ያንሳል። ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር በደጋ ጉልበቱ ሲቀንስ፣ የኤሌክትሪኩ አየር ስለማይተነፍስ ጉልበቱ እንዳለ ይኖራል፤ የሚያሰጋው ሙቀቱ ብቻ ነው።

ፍጥነትና ጉልበት ልዩ ልዩ መሆናቸውን የአገራችን ታሪክ አስቀድሞ ያስተምራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ፣ ብዙ መቶ ሰዎች እየጎተቱት፣ መንገዱም በፊት በፊቱ እየተጠረገ፣ ጉዞው ወራት ፈጀ። የፈጣን ፈረስ ሩጫ ያን ሸክም ባላነቃነቀውም ነበር። መድፉን ወደ አምባው ያወጣው በዝግታ የተባበረ ጉልበት ነው።

ስለዚህ ለልጁ ይህችን መኪና የሚገዛ ሁሉ የሚከተለውን ይመልከት። አንደኛ፣ ሞተሩ ካርቦን ያለው ከሆነ የጥቅሉን ቍጥር ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ነጋዴዎች ብራሽለስ የሚሉት ካርቦን አልባ ሞተር ከሆነ፣ በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይጠይቅ፤ ቍጥሩ 1,000 ቢሆን በ11.1 ቮልት ባትሪ ያለ ሸክም 11,100 ጊዜ ይዞራል፤ 3,500 ቢሆን ግን 38,850 ጊዜ ይሆናልና ለአለት አይስማማም። ካርቦን አልባው ሴንሰር ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ያለ ሴንሰር ዝግ ብሎ ሲነሣ ይንቀጠቀጣልና። ሦስተኛ፣ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ጥርሳም መንኰራኵር ትንሹ ይሁን፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ይጨምራልና። አራተኛ፣ መኪናዪቱ ስትያዝ ልጁ ወዲያው ኃይሉን እንዲለቅ ይማር፤ ሞተሩም ጣት ለጥቂት ሴኮንድ የማያስቀምጥ ያህል ሲግል ያሳርፈው። አምስተኛ፣ የሊቲየም ባትሪ ኃይል ሲሞላ ጠባቂ ሳይኖር አይተው፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና።

እኛም ባለ 45 ጥቅል ሞተር ገዝተን ከልጁ ጋራ አብረን ገጠምነው። ዋጋው ከቀድሞው ያነሰ ነበር። መኪናዪቱም ቀድሞ ከቆመችበት ድንጋይ ላይ ቀስ እያለች ወጣች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለእኛ እንደ ተነገረ ቆጠርነው፤ ልጁንም በእናቱና በወንድሞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። ባደባባይ የተሰጠ የተሳሳተ ፍርድ ባደባባይ ሊሻር ይገባዋልና።