ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ ባለ ሁለት ወጪ

ትልልቅ ጎማ አስገጥሞ ፒካፑ ዳገት ላይ ሲለግምበት ጋራዥ የሚሄድ ወገን፣ ዋጋውን ሲሰማ «ዘረፉኝ» ይላል። ዝርፊያ ግን አይደለም። ከ29 ወደ 33 ኢንች ጎማ የተሸጋገረ መኪና የቀድሞ ጉልበቱ እንዲመለስ፣ 3.55 የነበረው የዲፈረንሻል ጥርሱ ወደ 4.10 መለወጥ አለበት። ሥራው በሺኛ ኢንች የሚለካ ስለሆነ የእጅ ዋጋው ይከብዳል።

ለመቆጠብ ብሎ የኋላውን ብቻ ማስቀየር ደግሞ ራስን መጉዳት ነው። የፊቱና የኋላው ጥርስ ሳይመጣጠን ለአራቱም ጎማ ኃይል ከተሰጠ ማከፋፈያው ሊሰበር ይችላል። ሁለቱን ማስቀየር በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ለአገር ቤት ቤተሰብ የወራት ቀለብ ማለት ነው።

ስለዚህ ወገን ጎማውን ከመግዛቱ በፊት የሁለቱንም ዲፈረንሻል ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል!