የነጋዴ ወረቀትና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ልማድ

በዛሬ ጊዜ ከአሞራ ገደል ዓሣ አቅራቢ ጀምሮ ቡናውን ወደ ባሕር ማዶ እስከሚልከው ነጋዴ ድረስ ጽሑፉን በቴሌግራም የማይለዋወጥ ጥቂት ነው። (በስልክ ያለውን ማለቴ ነው እንጂ አባቶቻችን በቃላት ቁጥር ይከፍሉበት የነበረውን የሽቦውን አይደለም።) ፍጥነቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ወረቀትን መላክና ወረቀትን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው እየተዘነጋ ስለ ሄደ፥ ጥበቃውን ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ልንማር ይገባናል።

በአንድ የማውቀው የላኪ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። 320 ጆንያ ቡና፥ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፥ በጠቅላላው 19,200 ኪሎ ሊጫን ተዘጋጅቶ ሳለ ሁለት ጆንያ ረጥቦ ስለ ተገኘ ተነሣ። ጸሐፊው ፓኪንግ ሊስቱን 318 ብሎ አርሞ ላከ፤ ሒሳብ ሹሙ ግን በስልኩ ላይ የቆየውን የቀድሞውን አንሥቶ ኢንቮይሱን በ320 ጻፈ። የሁለቱም ፋይል ስም «የመጨረሻ» የሚል ነበር! ባንክ በኤል ሲ ሲከፍል የሚመረምረው ወረቀቱን እንጂ ጆንያውን አይደለም። የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ዩ.ሲ.ፒ. 600 የተባለው ደንብ ለባንኩ የመመርመሪያ ጊዜ እስከ 5 የባንክ የሥራ ቀናት ይሰጠዋል፤ ወረቀቶቹም እርስ በርሳቸው ከተቃረኑ አልቀበልም ለማለት ይችላል። ላኪው በበኩሉ፥ ኤል ሲው ሌላ ካላዘዘ፥ ዕቃው ከተጫነ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብ ግዴታው ነው። ስለዚህ በሁለት ጆንያ ምክንያት የ318ቱ ዋጋ ቆመ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በዚህ ነገር ከእኛ ቀድመው ተፈትነዋል። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በ1967 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት ማዕከል ከ1971 ጀምሮ አንዱ ቤት የመዘገበውን መጽሐፍ ሌላው በመስመር ተመልክቶ በዚያው መዝገብ እንዲጠቀም አድርጓል። ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ እናገኛለን። ቅጂው በአዲስ አበባና በሚኒሶታ ተቀመጠ፤ እያንዳንዱም ብራና አንድ ቁጥር ተሰጠው። ሊቁ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዘመን የደከሙበት ካታሎግ የተሠራው በዚሁ ቁጥር ነው። ዛሬ በሐምቡርግ ያለ ተመራማሪ ቁጥሩን ቢጠራ በአዲስ አበባ ያለው የትኛው ብራና እንደ ሆነ ይረዳዋል። ያገናኛቸው መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩና ካታሎጉ ነው።

የነጋዴ ጸሐፊም የቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሹም ነው። ጉግል ድራይቭን በመሰለ የጋራ ማኅደር ውስጥ ወረቀቱ አንድ ብቻ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሁሉም የሚያርመው ያንኑ ነው፤ ማን በስንት ሰዓት እንዳረመው ይመዘገባል፤ የቀድሞውም ገጽ አይጠፋም። አንዱ እንዲያይ ብቻ፥ ሌላው አስተያየት እንዲጽፍ፥ ሦስተኛው እንዲያርም መፍቀድ ይቻላል። ብዙዎቻችን ግን ሊንኩን ላገኘው ሁሉ ክፍት እናደርገዋለን፤ ይህም የመደብሩን ቁልፍ በደጃፍ ከመስቀል አይለይም። ፋይሉ በውል ቁጥርና በቀን ይሰየም፥ «የመጨረሻ» የሚለው ስም ይቅር፥ ጠባቂውም አንድ ሰው ይሁን። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ የቤተ መጻሕፍቱ ፊርማ በክሊራንሱ ላይ ሳይሰፍር እንደማይሰናበት ያውቃል። ከመደብራችን የሚሰናበት ሠራተኛስ የደንበኞቻችንን ዋጋ በስልኩ ይዞ ለምን ይሄዳል? ፈቃዱ በዚያው ቀን መነሣት አለበት።

«ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በመላ አገሪቱ ወደ ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር አንረሳም። ስለዚህ የፈረምነውን ውልና የጭነቱን ወረቀት አትመን በፋይል እናኑር። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ቢሰጥም፥ ሰነዱን ፈልጎ ማግኘት የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ምክር ቤታችን የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጋብዞ ለነጋዴ ጸሐፊዎች ሁለት ከሰዓት በኋላ ቢያስተምርልን መልካም ነው። አበሉን ነጋድያን ብንጋራው ለአንድ ቤት የሚደርሰው ከአንድ ጆንያ ቡና ዋጋ አይበልጥም።