ወጪና ገቢ

ለዓመታት የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፋዊ ቃላት በትንሽ ደብተር እየጻፍኩ አጠና ነበር። በግራ ቃሉ፥ በቀኝ ፍቺው፤ «አይረኒ» ምጸት፥ «ሜታፎር» ተለዋጭ ዘይቤ፥ «አምቢጉይቲ» አሻሚነት። የቃላቱ ቁጥር በጨመረ መጠን ግጥም ይበልጥ የገባኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን በምሠራበት ባንክ አንዲት እናት ልጆቻቸው ከዓረብ አገር የላኩላቸውን ገንዘብ ሊወስዱ ከመስኮቴ ቀረቡ። «እንደምን ሰነበቱ እማማ?» ብላቸው፥ «ምን ደኅንነት አለ ልጄ፤ ከቤቴ ወጪው በዛ፥ ገቢው ጠፋ» አሉኝ። ስለ ኑሮ ውድነት ጥቂት ቃል ተናግሬ ሸኘኋቸው። በእጄ የነበረው ወረቀት ግን ገንዘብ መግባቱን ይመሰክር ነበር። ታዲያ የጠፋው ገቢ ምንድን ነው? ብዬ አልጠየቅኩም።

ማታ ደብተሬን ገልጬ «አምቢጉይቲ» ከሚለው ቃል ስደርስ ደነገጥኩ። ወጪው ወጥቶ የሄደው ልጅ ነው፤ ገቢው ተመልሶ በደጅ የሚገባው።

በእኛ ሙያ አሻሚነት ነውር ነው፤ በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው ገንዘብ ያልተስማማበት ቼክ አይከፈልም። እንግሊዛዊው ሐያሲ ዊልያም ኤምፕሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው መጽሐፍ ሰባት ዓይነት አሻሚነት ቆጥሮ የግጥም ኃይል መሆኑን አሳይቷል። የእኛ የቅኔ መምህራንም አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲሸከም «ኅብር» ይሉታል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በኤምፕሰን ዘንድ ፍቺዎቹ ሳይታረቁ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፤ በኅብር ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይወጣል። ይህን ልዩነት ያስተዋልኩት የባዕዱን ቃል በመማሬ ነው።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የእንግሊዝኛውን ቃል አትማር አልልም። ስሙን ብቻ ይዞ ነገሩን አወቅሁ ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። እኔ በደብተሬ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ ቃሉ የሚገልጸውን ነገር በጆሮዬ የሰማሁበት አማርኛ የሚጻፍበት። ያ ዓምድ ባዶ የሆነበትን ቃል ገና እንዳልተማርኩት እቆጥረዋለሁ። በዓምዱ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው የእኒያ እናት ንግግር ነው።

ዳግመኛ ሲመጡ ስለ ኑሮ ውድነት አላነሣሁም። «ልጆቹስ መቼ ይገባሉ?» አልኳቸው።