ሥራ ፈላጊዋ ልጃችንና የምትይዘው ወረቀት

በማጀቴም ሆነ በሸዋ ሮቢት፣ በጠቅላላው በይፋት ቆላ፣ ትምህርቷን የጨረሰች ልጅ ያለቻት እናት የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል ሲባል አስቀድማ የምትጠይቀው «እዚያ መሥሪያ ቤት የምናውቀው ሰው አለ ወይ?» ብላ ነው። ጥያቄው እንዲያው የመጣ አይደለም። ዘመድ ያለው ሰው ወሬውን ቀድሞ ይሰማል፤ ማመልከቻው የት ክፍል እንደሚገባም ይነገረዋል። ዳሩ ግን እናትና አጎት ዘመድ ፍለጋ ሲባዝኑ፣ ልጅቱ ራሷ ይዛው የምትቀርበው ወረቀት በችኮላ ከአንድ ኮምፒዩተር ቤት ይወጣል። ያውም ብዙ ጊዜ ከእርሷ በፊት የመጣው ሰው ያስጻፈው ተገልብጦ፣ ስሙና ስልኩ ብቻ ተለውጦ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ወረቀት፣ ማለትም ሲቪ ስለሚባለው የትምህርትና የሥራ ታሪክ መግለጫ፣ እንዲሁም እርሱን ተከትሎ ስለሚመጣው ቃለ መጠይቅ ነው።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታይ እንዳልሆነ በአገራችን የተደረገ አንድ ጥናት ያስረዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ከመሀል ከተማው ርቀው የሚኖሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ በቡድን ለዩ። ለአንደኛው ቡድን የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ወደሚገኙበት ወደ መሀል ከተማ መመላለሻ የሚሆን የአውቶቡስ ገንዘብ ሰጡት። ሌላውን ቡድን ደግሞ የሲቪና የማመልከቻ አጻጻፍን፣ የቃለ መጠይቅ አቀራረብን አስተማሩት፤ ችሎታውንም ፈትነው ውጤቱን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ሰጡት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱም እርዳታዎች ሻል ያለ ሥራ ለማግኘት ጠቅመው ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የመጓጓዣው ጥቅም ደብዝዞ፣ የሥልጠናው ጎልቶ ተገኘ፤ ሥልጠናውን የወሰዱት ገቢያቸው ካልወሰዱት በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ነበር። ውጤቱ በ2021 ለኅትመት በቅቷል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ቀጣሪው ከፊቱ የቆመችው ልጅ ምን እንደምትችል የሚያውቅበት መንገድ ከሌለው የሚያውቀውን ሰው ወደ መፈለግ እንደሚያዘነብል ነው። በከተማው ዳር ለሚኖር ይህን ያህል ካስቸገረ፣ ጣርማበርን ወጥታ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ለምትገባ የማጀቴ ልጅ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። የመሳፈሪያ ገንዘብ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ማሾ ተሸጦ የተገኘው ገንዘብ ለመኪናና ለአልቤርጎ ወጥቶ፣ ልጅቱ ባዶ በሆነ ወረቀት ምክንያት ለቃለ መጠይቅ ሳትጠራ ብትቀር የሚከፋው ይኸኛው ነው።

ታዲያ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? ብዙዎቹ ሲቪዎች «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ከሰው ጋር ተግባብቼ መሥራት የምችል» በሚሉ ቃላት የተሞሉ ናቸው። እነዚህን ቃላት ሁሉም አመልካች ስለሚጽፋቸው ለቀጣሪው የሚነግሩት አንዳች ነገር የለም። በአንጻሩ ልጅቱ የሠራችውን ሥራ፣ ሥራ ነው ብላ ስለማትቆጥረው ትተወዋለች። ከ12ኛ ክፍል ወይም ከኮሌጅ በኋላ ያሉትን ዓመታት «ቤት ነበርኩ» ብላ ታልፋቸዋለች። ቤት ምን ትሠራ ነበር? የእናቷን ሱቅ ሂሳብ ትይዝ ነበር፤ በማሾና በሽንኩርት ወቅት ለነጋዴው ሚዛን ላይ ቆማ ትመዘግብ ነበር፤ የሴቶች የቁጠባ ማኅበር ጸሐፊ ሆና መዋጮ ትቀበል ነበር፤ በክረምት የሠፈር ልጆችን ታስጠና ነበር። ለገንዘብ ያዥነት ወይም ለንብረት ክፍል ሠራተኛነት ስታመለክት ከዚህ የተሻለ ምን ማስረጃ አለ?

ስለዚህ «ታማኝ ነኝ» ከማለት ይልቅ፣ «ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. በቤተሰብ ሱቅ የዕለት ሽያጭና የዱቤ መዝገብ ይዣለሁ፤ በየሳምንቱ ሂሳብ አወራርጃለሁ» ብላ ብትጽፍ አንባቢው ራሱ ታማኝነቷን ይገምታል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ምስክርነት የሚሰጧት ከሆነም፣ አስቀድማ አስፈቅዳ ስማቸውንና ስልካቸውን ከታች ታሰፍራለች። ያልሠራችውን መጨመር ግን አይገባም፤ በቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ጥያቄ ሲከተል ይጋለጣልና።

ወረቀቱ ለሁሉም መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት መሆንም የለበትም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የተባለው ታላቅ ጣሊያናዊ ሠዓሊ፣ በ1482 ገደማ ለሚላኖው ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ መጠየቂያ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር። ደብዳቤው በአብዛኛው የሚናገረው ለጦርነት ስለሚሆኑ ድልድዮችና መሣሪያዎች ሲሆን፣ ሥዕል መሣል መቻሉን የጠቀሰው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። ገዥው የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ አስቦበታል ማለት ነው። የእኛም ልጅ ማስታወቂያውን ደጋግማ አንብባ፣ የተጠየቀውን ከላይ፣ ያልተጠየቀውን ከታች ብታደርግ፣ ሁሉንም ከሁለት ገጽ ባታሳልፍ መልካም ነው።

ትንሽ የሚመስሉ፣ ግን ብዙ ሰው የሚያሰናክሉ ነገሮች አሉ። አንዱ የስም አጻጻፍ ነው። በትምህርት ማስረጃው ላይ በእንግሊዝኛ በአንድ ዓይነት፣ በመታወቂያው ላይ በሌላ ዓይነት የተጻፈ ስም «የአንድ ሰው ነው ወይስ የሁለት?» ያሰኛል። ይህን ማስታረቅ ጊዜ ስለሚወስድ ማስታወቂያ ሳይወጣ በፊት መጀመር ይበጃል። ሌላው የዓመተ ምሕረት መደበላለቅ ነው፤ ግማሹን በእኛ፣ ግማሹን በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈች ልጅ ሳትወለድ የተማረች ልትመስል ትችላለች። «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን» ሲባልም ዋናው ለማመሳከሪያ ታይቶ ይመለሳል፤ መሥሪያ ቤቱ የሚያስቀረው ቅጂውን ብቻ ነው። ማስረጃን በአንድ ሣጥን ብቻ ማስቀመጥም አያዋጣም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ የደረሰውን ቃጠሎ የምታስታውስ የአካባቢው እናት ምክንያቱን አትጠይቀንም። ቅጂው በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፤ ፎቶውም በስልክ ይያዝ።

ቀደም ሲል በሆቴል፣ በመድኃኒት መደብር ወይም በፋብሪካ ተቀጥራ የነበረች ሴት ደግሞ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ሳትይዝ መውጣት የለባትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛው ውሉ ሲቋረጥ ወይም በማናቸውም ጊዜ ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። በወሊድ ምክንያት ሥራ የለቀቁ ብዙ እናቶች ይህን ሳይጠይቁ ይቀራሉ፤ ከ5 ዓመት በኋላ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባና ወደ ሥራ መመለስ ሲፈልጉ የሚያሳዩት ወረቀት ያጣሉ። ድርጅቱ እስካለ ድረስ ዛሬም ሄዶ መጠየቅ ነው። ልጅ ያሳደጉባቸውን ዓመታት ደግሞ መደበቅ አያስፈልግም፤ «ከዚህ እስከዚህ ልጅ በማሳደግ ላይ ነበርኩ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ እንለፍ። ቀጠሮው ደብረ ብርሃን ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ከቆላው ሌሊት ተነሥቶ መድረስ የማይታሰብ ስለሆነ ከዋዜማው እዚያ ማደር ግድ ነው። የይፋትን ሙቀት ለምዳ በስስ ልብስ የሄደች ልጅ በደብረ ብርሃን ብርድ እየተንቀጠቀጠች ስትቀርብ ፈርታ ነው ይባላል፤ ሹራብ አትርሳ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ልጆቻችንን ስናሳድግ በትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋትን፣ ራስን አለማመስገንን አስተምረናል። ጨዋነቱ መልካም ነው፤ ቀጣሪው ግን ዝምታውን አለማወቅ አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል። መፍትሔው ራስን ማወደስ ሳይሆን ሥራን መተረክ ነው። «ጎበዝ ነኝ» ማለት ሊያሳፍር ይችላል፤ «በማኅበሩ መዝገብ ላይ የገንዘብ ጉድለት ሲገኝ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አመሳክሬ ስህተቱን አገኘሁት» ማለት ግን ማንንም አያሳፍርም። እዚህ ላይ እናት ትልቅ እርዳታ መስጠት ትችላለች። ቡና ሲፈላ ልጅቱን ፊት ለፊት አስቀምጣ እንደ ቀጣሪ ትጠይቃት፤ ታላቅ ወንድም ወይም ጎረቤት ይጨመርበት። በመጀመሪያው ቀን ሳቅ ይበዛል፤ በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ቀና ብላ መናገር ትጀምራለች። አጎት አብሯት ሄዶ ስለ እርሷ እንዲናገር ማድረግ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል፤ በር ድረስ ሸኝቷት ውጭ ይቆይ።

«ባል አለሽ? መቼ ልትወልጂ አስበሻል?» ብለው የሚጠይቁ ቀጣሪዎች ዛሬም አሉ። ጥያቄው ተገቢ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነትና ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት ደንግጓል፤ ከላይ የጠቀስነው የሠራተኛ አዋጅም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ ሴት ለቅጥር ስትወዳደር ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካመጣችም ቅድሚያ እንዲሰጣት ይላል። ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት አንቀጽ እየጠቀሱ መከራከር ሥራውን ላያስገኝ ይችላል። «የቤቴን ጉዳይ አመቻችቼ ነው የመጣሁት፤ በሥራ ሰዓቴ እገኛለሁ» ብሎ በትሕትና ወደ ሥራው መመለስ ይሻላል። ጥያቄው ወደ ሌላ ነገር ካዘነበለ፣ ወይም አገናኝ ነኝ ባይ ደላላ አስቀድመሽ ገንዘብ ክፈይ ካለ፣ ተነሥቶ መውጣት ነው።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሏት «የለኝም» አትበል። ደመወዙን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የሙከራ ጊዜውን ትጠይቅ፤ በሕጉ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ወደ ማጀቴ ስትመለስ ኔትዎርክ የሚጠፋባቸው ቀናት ስለሚኖሩ፣ ሲቪው ላይ ከራሷ ስልክ ቀጥሎ ከተማ ውስጥ ያለ የአንድ ዘመድ ስልክ ይጻፍ። ያ ዘመድም ከመሥሪያ ቤት ሊደወልለት እንደሚችል ይነገረው፤ የማያውቀው ቁጥር ሲደውል «ተሳስተዋል» ብሎ እንዳይዘጋው።