ሐኪም መሆን ለሚፈልጉ ልጆቻችን የኮሌጅ ምርጫ

የተከበራችሁ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪዎች፤

የማመልከቻው ወራት በደረሰ ቁጥር ልጄ ሐኪም ይሁንልኝ የሚል ወላጅ ሃርቫርድና ጆንስ ሆፕኪንስን ብቻ ያስጽፋል። ሃርቫርድ ከ100 አመልካች 5 እንኳ አይቀበልም፤ ስንቱ ጎበዝ ልጅ ይቀራል! ደግሞም እዚህ እንደ አገር ቤት በመጀመሪያ ዲግሪ ሐኪም አይኮንም። አስቀድሞ በአብዛኛው 4 ዓመት ኮሌጅ፣ ኤምካት የሚሉት ፈተና፣ ከዚያ ሌላ 4 ዓመት የሕክምና ትምህርት አለ፤ ገንዘቡ የሚፈለገው ያኔ ነው። ባዮሎጂው፣ ኬሚስትሪውና ፊዚክሱ እዚሁ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል፤ ለግዛቱ ነዋሪ ክፍያው ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ሦስት የምኞት ይጻፍ፤ የሚበዛው ግን ለልጁ ውጤት የሚመጥን ይሁን፤ ሁለቱ ደግሞ እንደሚቀበሉት የማያጠራጥር፣ ኪሳችንም የሚችላቸው ይሁኑ። ኮመን አፕ እስከ 20 ይፈቅዳል ተብሎ 20ውን መሙላት ምን ይሉታል? ብዙዎቹ በየማመልከቻው ያስከፍላሉ እኮ። አቅም ያነሰው ከዚህ ክፍያ ነፃ እንዲሆን መጠየቅ ስለሚችል፣ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ዛሬ ነገ ሳትሉ አነጋግሩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ